ግብር ማብላትና ግብር መክፈል

ከታላቁ ቤተ መንግሥት ተነሥቶ ቁልቁል ወደ ካዛንቺስ በእግሩ የሚወርድ ሰው፣ ጕልበቱ ደኅና ከሆነ፣ ገና ላብ ሳያጠምቀው ከአንደኛው የግብር ትርጓሜ ወደ ሁለተኛው የግብር ትርጓሜ ይሻገራል። ከላይ፣ በኮረብታው ራስ ላይ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ቆሟል። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም ከተከፈተ ወዲህ ማንም ትኬት ቈርጦ የሚያየው ይህ አዳራሽ፣ በዘመኑ መሳፍንቱና መኳንንቱ በየማዕርጋቸው ተቀምጠው፣ ወታደሩም በተራ በተራው እየገባ፣ አጋፋሪው በበትሩ ሥርዐት እያስከበረ፣ አሳላፊው ብርሌውን እየሞላ፣ ሕዝብ ሁሉ በልቶ የሚጠግብበት ስለ ነበር፣ ከበላተኞቹ አንዱ ሲወጣ በር ላይ ቆም ብሎ «ለመሆኑ ሒሳቡ ስንት ደረሰ?» ቢል ኖሮ ወደ ጠበል ይወሰድ ነበር እንጂ መልስ የሚሰጠው አያገኝም ነበር። ከታች ካዛንቺስ ሲደርሱ ግን፣ እንጀራው ያው እንጀራ፣ ወጡም ያው ወጥ ሆኖ ሳለ፣ ባለቤቱ የበላውን ሰው ያስከፍላል፤ ካስከፈለውም ላይ ለመንግሥት ድርሻውን ይገብራል። ከላይ ግብር ይበላ ነበር፤ ከታች ግብር ይከፈላል። ቃሉ ግን አንድ ነው፤ «ግብረ ሐዋርያት» ሲባል ሥራ ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሦስተኛውን ትርጓሜ ይጨምርበትና፣ ምግብ ቤት ማስተዳደር ማለት ሦስቱን ግብሮች በአንድ ጓዳ ውስጥ ማስታረቅ መሆኑን ይረዳል።

እኔ ይህን ምሥጢር የተማርሁት በቅኔ ቤት አይደለም። ሠላሳ ዓመት ያህል በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ከመዝገብ ጋር ተፋጥጬ ጡረታ በወጣሁ ማግስት፣ የባለቤቴ አክስት፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ «እትዬ» ብቻ እያለ የሚጠራቸው ሴት፣ ካዛንቺስ ከከፈቱት ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ በሽንኵርት ጆንያና በዘይት ጀሪካን መካከል የተማርሁት ነው። «ልጄ፣ ሥራ ፈትተህ ከምትቀመጥ መጥተህ ያችን ደብተር ያዝልኝ፤ ምሳህን እዚያው ትበላለህ» አሉኝ። ሹመቴም፣ ደመወዜም፣ የሥራ መዘርዝሬም በዚህች ቃል ተጠቃለለ።

የሠፈሩ ስም ራሱ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የተቈረጠ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን ለመንግሥቱ ሠራተኞች ቤት የሚያሠራበት ድርጅት ኢንቺስ ይባል ነበርና፣ «ካዛ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች፣ ያለውን የእኛ ሰው በአፉ አለስልሶ ካዛንቺስ አደረገው፤ በ1933 ዓ.ም ጣልያኑ ሲወጣ ቤቱም፣ ስሙም፣ ፓስታውም ቀረ። ከዚያም በ1950 ዓ.ም የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተመሠረተ፣ በ1953 ዓ.ም የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፣ በ1955 ዓ.ም በዚያው አዳራሽ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተወለደ፣ ሂልተን ሆቴልም ከጎኑ ተተከለ፤ ቢሮ ሲበዛ ጸሐፊ በዛ፣ ጸሐፊ ሲበዛም በስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከየሕንፃው በአንድነት የሚወርድ ርኀብ በዛ። ዲፕሎማቱ ወደ ሂልተን ሲታጠፍ፣ ጸሐፊው፣ ሾፌሩና ተላላኪው ወደ እትዬ ቤት ይታጠፉ ነበር።

የሥራው የመጀመሪያ ችግር ግን ከሒሳብ አይደለም፤ ከኀፍረት ነው። በእኛ ሀገር እህል ለእንግዳ ይቀርባል እንጂ ለእንግዳ አይሸጥም። ስለ እቴጌ ሆቴል መከፈት ሲተረክ እንደሚሰማው፣ መኳንንቱ በሰው ቤት በገንዘብ መብላትን እንደ ውርደት ቈጥረው ደጁን አንረግጥም ስላሉ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ሄደው ተመግበው፣ ከኪሳቸውም ከፍለው ማሳየት ግድ ሆነባቸው ይባላል። ያ ትምህርት ለበላተኛው ገብቶታል፤ ለአብሳዩ ግን እስከ ዛሬ አልገባውም። እትዬ ሰው ገብቶ ሲቀመጥ ፊታቸው እንደ ፋሲካ ያበራል፤ ያው ሰው በልቶ ገንዘብ ሲያወጣ ግን ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። «ስንት ነው?» ሲላቸው «ኧረ ተወው፣ ያንተ ደግሞ!» ይላሉ፤ ጨዋው ይህ የአፍ ወግ መሆኑን ዐውቆ ይከፍላል፤ ጨዋ ያልሆነው ግን ቃላቸውን አክብሮ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይወጣል።

እኔም በሒሳብ ክፍል የተማርሁትን ጥበብ ላስገባ ብዬ በመጀመሪያው ሳምንት የእያንዳንዱን ወጥ ዋጋ ከነቅመሙ ልተምን ተነሣሁ። ብእሬን ይዤ ወደ ወጥ ሠሪዋ ቀረብሁና፣

«ለአንድ ድስት ምስር በርበሬው ስንት ማንኪያ ነው?» አልኋት።

«እስኪበቃው ነዋ፣ ጋሼ።»

«መብቃቱ በምን ይታወቃል?»

«ይናገራላ!»

«ማን?»

«ወጡ!»

በመዝገቤ ላይ «በርበሬ፦ ወጡ እስኪናገር ድረስ» ብዬ ጻፍሁ። የሚያሳዝነው ነገር፣ ልጅቱ ልክ ነበረች፤ አንድ ጊዜ ታማ ሦስት ቀን በቀረች ጊዜ፣ እኔ በማንኪያ ለክቼ ያሠራሁት ምስር ምንም ሳይናገር ቀረ፤ የተናገረው በላተኛው ነው። ከዚያ ወዲህ ደመወዝ ጭማሪ በጠየቀች ቍጥር ተከራክሬ አላውቅም፤ የምግብ ቤት ካፒታል በባንክ የተቀመጠው ገንዘብ ሳይሆን በሰው እጅ ውስጥ ያለው ጣዕም ነውና፣ እጅ ደግሞ ተነሥቶ ወደ ጐረቤት ምግብ ቤት ለመሄድ የአንድ ቀን ማስጠንቀቂያ እንኳ አይሰጥም።

ሁለተኛው የገንዘብ ቀዳዳ «ጭማሪ» ይባላል። በሌላው ዓለም የአንድ ሰው ሳሕን የአንድ ሰው ነው። እዚህ ግን ሦስት ባልደረቦች ተያይዘው ይገቡና አንድ በያይነቱ ያዝዛሉ፤ እጃቸውን ይታጠባሉ፤ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለውን ብሂል በተግባር እየፈጸሙ በአንድ ትሪ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም እንጀራው ገና ሳያልቅ «እናትዬ፣ ሽሮዋን ጣል አርጊበት» ይላሉ፤ ሽሮው ሲጣል እንጀራው ያንሳል፣ እንጀራው ሲመጣ ወጡ ያንሳል፤ ሁለቱ እኩል የሚያልቁበትን ሰዓት እስከ ዛሬ ያየሁት በምግብ ቤቱ መዘጊያ ላይ ብቻ ነው። ጭማሪ እንጀራ በሒሳብ ይሁን ብዬ ሐሳብ ባቀርብ እትዬ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። ጭማሪ ወጥማ ምርቃት ነው፤ ምርቃትን ደግሞ ማን ሸጦ ያውቃል?

ይህን ሁሉ ቀዳዳ የሚደፍነው ሥጋው ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሥጋ ከቄራ መልስ በኪሎ ይገዛል፤ ዐጥንቱ ይወጣል፣ ሞራው ይወጣል፣ በድስት ውስጥ ውሃው ይወጣል፣ በመጨረሻም ትርፉ ተከትሎ ይወጣል። ሽሮ ግን ጥቂት ዱቄት ሆኖ ገብቶ ብዙ ወጥ ሆኖ የሚነሣ፣ ውሃና እሳት ያለ ደመወዝ የሚሠሩለት፣ ትሑት ሆኖ ቤት የሚያኖር ምግብ ነው። የእትዬ ቤት ክብሩ በክትፎው፣ ኪራዩ በሽሮው ነበር። በሜኑው ላይ ግን ክትፎው ከላይ በትልቁ፣ ሽሮው ከታች በትንሹ ተጽፎ ይገኛል፤ በዚህም ሜኑ ከብዙ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ዝርዝር ጋር ይመሳሰላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ዘመን አቈጣጠሩ፣ ልግባ። በሒሳብ ክፍል የነበርን ሰዎች ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ገብቶ ሰኔ 30 ቀን እንደሚወጣ እናምናለን። በካዛንቺስ ምግብ ቤት ግን በጀት የሚሠራው በባሕረ ሐሳብ ነው። ነገሩን ያስተማሩኝ፣ በኮንትራት ከሚመገቡት ደንበኞቻችን መካከል አንዱ የነበሩት መሪጌታ ናቸው። እኒህ ሊቅ ዘወትር መስከረም ሲጠባ መጥቅዑንና አበቅቴውን በጣታቸው አስልተው የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት በወረቀት ጽፈው ይሰጡኝ ነበር፤ ስለዚህም ዕውቀታቸው የአንድ ወር ምሳቸው ግማሽ ሆኖ ታስቦላቸዋል። ነነዌ ከጥር 17 ቀን በፊት አትገባም፣ ከየካቲት 21 ቀንም አታልፍም፤ እርሷ በገባች በ14ኛው ቀን ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ትንሣኤም በ69ኛው ቀን ይውላል። ይህ ለምእመን የነፍስ ጉዳይ ነው፤ ለምግብ ቤት ባለቤት ግን የነፍስም የኪራይም ጉዳይ ነው። ዐቢይ ጾም ገባ ማለት 55 ቀን የክትፎ ጣባ ይደፋል፣ ወተቱ ይቆማል፣ ቢላዋው ይሰቀላል፣ ሥጋ ቈራጩ ወደ ሀገር ቤት ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል ማለት ነው፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ስለማይጾም፣ ያው ሥጋ ቈራጭ ዐረፍት የሚባል ነገር አያገኝም። የቅበላ ሰሞን የሚደረገውማ ለብቻው ምዕራፍ የሚሻ ነው፤ ሰው ሥጋን እንደ ባሕር ማዶ ተጓዥ ዘመድ ይሰናበተዋል፣ እየተሰናበተም ደጋግሞ ይስመዋል። ነነዌ በጥር በወደቀችበት ዓመት ገና የገናው ዕዳ ሳይወጣ ዐቢይ ጾም ይደርስብናል፤ በየካቲት ማለቂያ በወደቀችበት ዓመት ግን የጥምቀቱና የሠርጉ ገቢ ትከሻችንን ያሰፋልናል። ፍልሰታም በነሐሴ ለ15 ቀናት፣ የነቢያት ጾምም በኅዳርና በታኅሣሥ የየራሳቸውን ድርሻ ይወስዳሉ። የባንክ ሰው የዓመት ዕቅድ አምጡ ባለን ጊዜ የመሪጌታን ወረቀት አያይዤ ላክሁለት፤ መልስ ግን አልመጣም።

ኮንትራት ያልሁት፣ ወንደላጤው ጸሐፊ ወሩን ሙሉ በልቶ ደመወዝ ሲወጣ በአንድነት የሚከፍልበት ሥርዐት ነው። ከኮንትራቱ ጎን ለጎን ደግሞ ዱቤ አለ። የዱቤውን ደብተር ከእኔ በፊት ይዘው የነበሩት ራሳቸው እትዬ ናቸው፤ ገልጬ ባየሁት ጊዜ አንድም የሰው ስም አጣሁበት። የበላን ሰው ስምህ ማነው ብሎ መጠየቅ ሌባን እንደ መመዝገብ ሆኖ ስለ ተሰማቸው፣ «ባለ መነጽሩ፣ 2 ምስር»፣ «የታመመች እናት ያለችው ልጅ፣ 5 ሽሮ»፣ «ባለ ጥቁር ጃንጥላው፣ 3 ሽሮ፣ 1 ጭማሪ» እያሉ ነበር ያስጻፉት። በክረምት የተጻፈው ይህ ዕዳ መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትወጣ ከባለዕዳው ጋር ተሰወረ፤ ከተማው ሁሉ ጃንጥላውን አጥፎ ሲያስቀምጥ ባለ ጥቁር ጃንጥላው የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቅ ጠፋ።

ሒሳብ የሚያመልጠን ሰው በማይከፍል ጊዜ ብቻ ቢሆን መልካም ነበር፤ ብዙ ሰው ልክፈል በሚልበትም ጊዜ ያመልጠናል። ሁለት ወዳጆች በልተው ሲያበቁ የሚነሣውን ጠብ ያላየ አንባቢ የለም። «ሞቼ ነው ቆሜ!»፣ «ዛሬ በእኔ ነው፣ በእናቴ!» እየተባባሉ አንዱ የሌላውን እጅ ይጠመዝዛል፤ ካሸሯ ከሁለቱም ገንዘብ ተቀብላ፣ ለሁለቱም መልሳ፣ በመጨረሻ ከማንም ሳትቀበል የቀረችበት ቀን አለ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ከመጣ ወዲህ ነገሩ ወደ ስልት ተለወጠ፤ እጅ ልታጠብ ብሎ የተነሣው ሰው ከቧንቧው አጠገብ ቆሞ በስልኩ ከፍሎ ይመለሳል፤ ባልንጀራውም መሸነፉን የሚያውቀው ቦርሳውን ካወጣ በኋላ ነው። ለአስተናጋጇ የሚተዋት ሳንቲምም ጉርሻ ትባላለች፤ በአፍ የሚጐርሱትና በኪስ የሚገባው አንድ ስም መያዙን ባየሁ ጊዜ፣ ቋንቋችን በምግብ ጉዳይ ሁለት መዝገብ መያዝ እንደማይወድ ተገነዘብሁ።

ተጨማሪ እሴት ታክስ በ1995 ዓ.ም ከመቶ 15 ሆኖ ሲመጣም ከዚሁ ጠባይ ጋር ተጋጭቷል። ከእኛ ሁለት በር አለፍ ብሎ ባለ ቤት ውስጥ አንድ ከገጠር ለልጃቸው ጉዳይ የመጡ አዛውንት፣ ደረሰኙን ልጃቸው ሲያነብላቸው ሰምተው «ሥጋውን በልቼዋለሁ፤ ይህ ቫት ያላችሁት ግን አልቀረበልኝም፤ ከተከፈለበት ይምጣ እንጂ!» ብለው ከወንበራቸው አልነሣም ማለታቸውን ሰምቻለሁ። አስተናጋጁም ጥቂት አሰበና አንድ ጭልፋ ምንቸት አምጥቶ ጣል አደረገላቸው።

እትዬ በዚያ ዘመን ደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ ስለ ነበሩ ማሽንም ደረሰኝም አይመለከታቸውም ነበር፤ የእርሳቸው ግብር በሐምሌ ወር ይከፈል የነበረው ቁርጥ ግብር ነበር። ቁርጥ ሲባል የሚታወቀኝ በአዋዜ የሚበላው ስለ ነበር፣ ስሙን ብወደውም ነገሩን አልወደድሁትም። ከምድጃው በላይ ባለው ግድግዳ የሦስት ዓመቱን ሕፃን ቅዱስ ቂርቆስንና እናቱን ቅድስት ኢየሉጣን፣ ከፈላው ጋን መካከል ቅዱስ ገብርኤል ሲያወጣቸው የሚያሳይ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር፤ «ለእሳት ሥራ ከእነርሱ የበለጠ ጠበቃ የለም» ይሉ ነበር እትዬ። በዓሉ ሐምሌ 19 ቀን፣ የግብሩ ማለቂያ ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን መሆኑ በመካከል ለጸሎት የምትሆን ዐሥር ቀን ታስገኝ ነበር።

በ2009 ዓ.ም የቀን ገቢ ግምት በየሱቁና በየምግብ ቤቱ ሲሠራ፣ ገማቾቹ ወደ እኛም ዘለቁ። ሦስት ትሑታን ወጣቶች ናቸው፤ ከእነርሱ ላይ ምንም በደል አላየሁም፤ በደሉ የመጣው ከእትዬ ጨዋነት ነው። ቀኑ ዝናብ ስለ ነበር ከወንበሮቻችን እኩሌታው ባዶ ነበር። «እማማ፣ በቀን ስንት ሰው ይመገባል?» ብለው ጠየቋቸው። እኔ ከጓዳ በር ሆኜ በዓይኔም በቅንድቤም ብጠቅሳቸው፣ እትዬ ግን ባለቤት ናቸውና፣ ቤቴ ጭር ብሏል ብሎ ለእንግዳ መናገር ሞት መሰላቸው። «ኧረ ተመስገን! ስንቱን ልንገራችሁ? ቆሞ የሚጠብቀው ሳይቈጠር! ዛሬ እኮ ዝናቡ ነው እንጂ መግቢያም የለ!» አሉና፣ ቀጥለውም ዶሮ ወጥ እንዲቀርብላቸው አዘዙ። ልጆቹ ደንብ አይፈቅድልንም ብለው ቢለምኑ፣ «ሳትበሉማ ከቤቴ አትወጡም» ብለው በር ላይ ቆሙ። ግምቱ ሲመጣ፣ እንደ ቃላቸው፣ ቆሞ የሚጠብቀውን ሁሉ ጨምሮ መጣ። አቤቱታውን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ሆኖም «ባለቤትዋ የዋሹት ከይሉኝታ የተነሣ ስለ ሆነ» የሚል ምክንያት የሚገባበት ሣጥን በቅጹ ላይ አልነበረም።

ስለ ኬተሪንጉ ብዙ አልልም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሞክረነዋል። አንድ መሥሪያ ቤት ለስብሰባ የ60 ሰው ምሳ ፈልጎ ሦስት ፕሮፎርማ ሰበሰበ፣ እኛም በዋጋ ዝቅተኛ ሆነን አሸነፍን። ስድሳው ሰው 91 ሆኖ መጣ። እኔ ውሉን አውጥቼ ልከራከር ስል እትዬ አስቀድመው 110 ሰው የሚያጠግብ ጭነው ኖሯል፤ «የተጠራ ሰው ብቻውን መጥቶ ያውቃል ወይ?» ነበር መልሳቸው። የተከፈለን የ60 ነው፤ ከእርሱም ላይ ከመቶ ሁለት ቅድመ ግብር ተቀንሶ።

በ2017 ዓ.ም መግቢያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰና የቀድሞዎቹ ቤቶች፣ የአዝማሪ ቤቶቹም፣ ፈንድቃም ጭምር፣ ተነሡ። እኛም ሥዕሉን፣ ምድጃውንና ደብተሮቹን ጭነን ጎተራ አንድ ኮንዶሚኒየም ሥር ጠባብ ክፍል ተከራየን። ደንበኛው ተበተነ፤ መሪጌታም የዓመቱን አጽዋማት በስልክ ነበር የነገሩኝ።

ታዲያ በዚያው ዓመት፣ በሐምሌ፣ ዶፍ ዝናብ በሚወርድበት ቀትር፣ አንድ ሰው ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቶ በሩን ሞላው። ሁላችንም ደንገጥ አልን። ሰውየው ጃንጥላውን አጥፎ፣ ካዛንቺስ ሄዶ ቤቱን ሜዳ ሆኖ እንዳገኘው፣ ከባምቢስ ጀምሮ እየጠየቀ እንደ መጣ፣ ከስንት ዓመት በፊት በድንገት ወደ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ ሳይከፍል የሄደው የሦስት ሽሮ ዕዳ እንቅልፍ እንደ ነሣው ነገረን። እኔ ደስ ብሎኝ የድሮውን ደብተር ልገልጥ ስነሣ እትዬ ቀደሙኝ። «እህል ሳትቀምስ ስለ ገንዘብ ታወራለህ? ተቀመጥ አቦ!» ሽሮ ተንተክትኮ ቀረበ፤ ሌላ ተደገመ፤ እንጀራው ያንሳል፣ ወጡ ያንሳል ሆነ። ሲነሣ ያወጣውን ገንዘብ አልነካም አሉ፤ በሳሕኑ ሥር ሸጉጦ ቢወጣ፣ በነጠላቸው ዝናቡን ተከልለው እስከ አስፋልቱ ተከትለው ከጃንጥላው ውስጥ ጣሉለት።

ሲመለሱ፣ ብእሬን ይዤ፣ ይህን በየትኛው ዐምድ ልጻፈው ብዬ ጠየቅኋቸው።

እጃቸውን እያደረቁ፣ «ግብር በለው» አሉኝ።

እኔም በወጪ በኩል ግብር ከሚለው ሥር ጻፍሁት፦ 5 ሽሮ፣ 4 ጭማሪ እንጀራ፣ 1 ቡና።